በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የት ይወድቃል?

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልን የጅማ ልጆች። ዛሬ የማነሳው ነገር ብዙዎቻችሁ በጆሯችሁ የሰማችሁት ነው። የሠርግ ሰሞን ሲደርስ፣ ሙሽሮቹ ወደ ድንኳኑ ሲጠጉ፣ አንዱ አጃቢ ክላሹን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይለቀዋል። አንዳንዴ አስከሬን ሲወጣም ይተኮሳል። ሕዝቡ ለአፍታ ይደነግጣል፣ እልል ይላል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ጥይቱ ግን ሰማይ ላይ አይቀርም። ከአንዱ ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ፣ ግቢ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ይወርዳል።

አቋሜን ልናገር። ከተማ ውስጥ ለደስታም ሆነ ለሐዘን መተኮስ መቅረት አለበት። ፖሊስ ብቻውን አያስቀረውም። የሚያስቀረው ደጋሹ ራሱ ነው።

ባህላችንን አትንኩ የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ጠብመንጃ ከቤታቸው የማይጠፋ ሕዝቦች ድሮ ምን እንዳደረጉ ላስታውሳችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1541 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ከከተማ ወይም ከገበያ ቦታ ሩብ ማይል ርቀት ውስጥ መተኮስ ተከለከለ። ከዚህ ውጭ የተደረገው ኢላማ ላይ መለማመድና ራስን ወይም ቤትን መከላከል ነበር። ቅጣቱ 10 ፓውንድ ሲሆን በዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማሳቹሴትስ በ1746 ባወጣችው ሕግ በቦስተን ከተማና ወደብ እርሳስ የጎረሰ ጠብመንጃ መተኮስን ከለከለች። ምክንያቱን ሕጉ ራሱ መግቢያው ላይ ጽፎታል፤ ያለጥንቃቄ በተተኮሰ ጥይት ሰዎች ሞተዋል፣ አካላቸውም ጎድሏል። ፔንሲልቬንያ በ1774፣ ኒውዮርክ በ1785 ደግሞ የአዲስ ዓመት ተኩስን ለይተው ከለከሉ። ኒውዮርክ የመጨረሻውን የታኅሣሥ ሌሊትና የመጀመሪያዎቹን ሁለት የጥር ቀናት ስም ጠርታ ጻፈች፤ ቅጣቱ 40 ሺልንግ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ እኛ ጅማ ላይ እንዴት አድርገን እናስቀረው?

ምላሾቹ

ብዙ ሰው ስለተሳተፈ፣ ዘግይታችሁ የመጣችሁ እንድትከተሉት ውይይቱን በተራ ቁጥር እተርከዋለሁ።

ምላሽ 1 የመጣው የጅሬን ልጅ ከሚባለው ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ሐሳቡን ደገፈ። ቀጥሎ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፤ እነዚያ ሕጎች በርግጥ ሠርተዋል ወይስ ወረቀት ላይ ቀርተዋል? ሁለት አጎራባች ግዛቶች በአሥራ አንድ ዓመት ልዩነት ተመሳሳይ ሕግ ማውጣታቸው ልማዱ በቀላሉ እንዳልጠፋ ያሳያል አለ። ልክ ነው። ሕግ ሲወጣ ሥራው ተጀመረ እንጂ አለቀ አይባልም።

ምላሽ 2ን የጻፈችው መንደራ የምትኖር እናት ናት። ክረምት ሲገባ የማድ ቤቷ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ቆርቆሮው አርጅቶ ነው ብላ ሠራተኛ ጠራች። ሰውየው ወጥቶ አየና ዝገት ሳይሆን ክብ ቀዳዳ አገኘ። ጥይቱ ራሱ ኮርኒሱ ላይ ተጋድሞ ነበር። ከየትኛው ሠርግ እንደመጣ፣ መቼ እንደወደቀ ማንም አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እንጀራ የምትጋግረው ከዚያ ቀዳዳ ሥር ነው። ሌላ ምንም አላለችም፤ ምክርም አልሰጠችም። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር አተረፈሽ፣ አላህ ጠበቀሽ እያለ ከሥሯ ጻፈላት።

ምላሽ 3 ለየት ያለ ነበር። የታሪክ አንባቢ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። እኔ የሚመቹኝን ሕጎች ብቻ እንደመረጥኩ በጨዋ ቋንቋ ከሰሰኝ። በማስረጃነት ያመጣው ያኔ አሜሪካ ውስጥ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን የቨርጂኒያን ሕግ ነው። ይህ ሕግ በ1655 ሲወጣ መጠጥ ላይ ተቀምጦ መተኮስን ይከለክላል። የጣሰ 100 ፓውንድ ትምባሆ ይከፍላል፤ ወደ 45 ኪሎ መሆኑ ነው። ሠርግና ቀብር ግን ከክልከላው ውጭ ተደርገዋል። እንግዲህ ድሮ የነበሩት ሰዎች እንኳ ሙሽራንና ሟችን በተኩስ ማክበርን አልነኩም፣ አንተ ለምን ትነካብናለህ ነው ነገሩ።

ምላሽ 4 ጭብጨባ ብቻ ነበር። ምላሽ 5 ግን ይህን ሕግ እስከ ሥሩ ፈተሸው። ጸሐፊው ሕግ ያስተምራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ያኔ ሰፋሪዎቹ ከአገሬው ሕዝብ ጋር ግጭት ላይ ነበሩ። ቤቶቻቸው ተራርቀው የተሠሩ ናቸው። አደጋ መጣ ብሎ ጎረቤትን ማስጠንቀቂያው መንገድ ተኩስ ነበር። በየመጠጡ ቤት ሲተኮስ የትኛው ጥሪ፣ የትኛው ስካር እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ሕጉ የወጣው ለዚህ ነው። ሠርግና ቀብር የተፈቀዱት ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ስለሆኑ ሳይሆን አይቀርም ሲል የራሱን ግምት አከለ። በተጨማሪም በተራራቀ እርሻ መካከል የተጻፈን ፈቃድ ቤት ከቤት ወደተጣበቀበት ከተማ ማምጣት ስሕተት ነው አለ። ቦስተን ከተማ ስትሆን ለሠርግ ብላ በር አልከፈተችም።

እኔ ከሁሉም ይልቅ ልቤን የያዘው ይህ ነጥብ ነው። ልማዱ የተወለደው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ ዛሬ የሚፈጸመው ግን ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በተነካካበት ሰፈር ውስጥ ነው።

ምላሽ 6 ይህንኑ ከሊሙ በኩል አጠናከረው። የጻፉት አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ኦቦ እያልን ነው የምንጠራቸው። በልጅነታቸው ሌሊት ተኩስ ከተሰማ ማንም ተኝቶ አያድርም ነበር። ሌባ ገብቷል፣ እሳት ተነስቷል ወይም አውሬ በረት ሰብሯል ማለት ነው። ወንዱ ጦርና ዱላውን ይዞ ድምፁ ወደመጣበት ይሮጣል። ታዲያ ያለ ምክንያት የተኮሰ ሰው በማግስቱ ሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ይወቀሳል። ኦቦ ሌላም ነገር አነሱ። በአባቶቻቸው ዘመን ጥይት ገንዘብ ነበር። አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ገበያ ላይ እንደሚሠሩት ሁሉ ያልተተኮሰ ጥይትም ዕቃ ይገዛ ነበር። አንድ ጥይት ወደ ሰማይ መልቀቅ ከኪስ ብር አውጥቶ መበተን ነው። ስለዚህ ለሠርግ የተኮሰ ሰው አንዴ ተኩሶ ይበቃዋል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ባህል ያለው ክርክር መልክ ተለወጠብኝ። የአያቶቻችን ጠብመንጃ አንድ ጎራሽ ነበር። የአንድ ጎራሽ ተኩስና የክላሽ እሩምታ አንድ ስም ቢሰጣቸውም አንድ ነገር አይደሉም። ክላሽ በአንድ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል። ቃታው ተይዞ ከቆየ በደቂቃ 600 ያህል የመተኮስ ፍጥነት አለው፤ ካዝናው በሦስት ሴኮንድ ያልቃል ማለት ነው። አያቶቻችን ይህን አያውቁትም። ያላወቁትን ነገር በእነሱ ስም ማጽደቅ አይገባም።

ከምላሽ 7 እስከ 9 ድረስ ውይይቱ ወደ ድሮ መሣሪያ ስም ዞረ። አንዱ አያቱ ወጅግራ እንደነበራቸው ተናግሮ አምስት ጥይት ይጎርሳል አለ። ሌላው ወዲያው አረመው፤ ወጅግራ አንድ ጎራሽ ነው፣ አምስት ጎራሹ በኋላ የመጣ ነው። ከዚያ አልቢንና ምንሽር፣ በልጅግና ለበን ሁሉ ተነሱ። ሦስተኛው ደግሞ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጥገና አምጥቶ ሰው ለምን ዝም እንደሚል ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ራሱን የቻለ ክር ይክፈትበት።

ምላሽ 10 ላይ ነገሩ ከረረ። ዝናር የሚል ስም የያዘው ልጅ ውይይቱን የፈሪ ከተሜ ለቅሶ አድርጎ ገለጸው። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ጉልበቱን ጨርሶ እንደ በረዶ ጠብ ይላል፣ በእሱ የሞተ ሰው በዓይኑ አላየም፣ ወንድ የሆነ ሰው ተኩስ አይፈራም ነው ያለው።

ምላሽ 11 የነርስ ነው። ቁጣዋ ከቃላቷ ባይታይም ከቁጥሮቿ ይታያል። ክላሽ ጥይቱን ሲለቅ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 715 ሜትር ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ጥይት ቆሞ ሲመለስ አየሩ ያዘገየዋል። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የአሜሪካ ጦር መኮንን በሙከራ እንደለካው የጠብመንጃ ጥይት ሲወርድ ፍጥነቱ በሴኮንድ 90 ሜትር ገደማ ነው። ቆዳን ለመብሳት ግን 60 ሜትር ገደማ ይበቃል። የራስ ቅሉ ገና ያልጠነከረ ሕፃንን አስቡት አለች። በዚያ ላይ እየጨፈረ የሚተኩስ ሰው አፈሙዙን ቀጥ አድርጎ አይዝም። ዘንበል ብሎ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ አይቆምም፤ እየቀሰተ ብዙ ጉልበቱን ይዞ ሩቅ ሄዶ ይወድቃል። ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ብቻ ከ1985 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. በወረደ ጥይት የተጎዱ 118 ሰዎችን ተቀብሏል። 38ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተመቱት ራሳቸው ላይ ነው፤ ከላይ የመጣ ነገር መጀመሪያ የሚያገኘው ራስን ነውና።

ዝናር በምላሽ 12 ሎስ አንጀለስ ጅማ አይደለችም ብሎ መለሰ። ምላሽ 13 ላይ አንዲት ሴት የጅማ ሕፃን ጭንቅላት ከሎስ አንጀለሱ በምን እንደሚጠነክር እንዲያስረዳት ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም። እኔም ለእሱ የምለው ይኸው ነው፤ ወንድሜ፣ ጀግንነት ጥይቱ ከሚወርድበት ግቢ ከተቀመጠችው እናት ጋር አይለካም።

ቀጥሎ የመጣው በጣም አሳዘነኝ። ምላሽ 14 ይህ ልማድ የጅማ አይደለም፣ ከሌላ አካባቢ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ያመጡት ነው አለ። የእኛ ሠርግ ፈረስ፣ ከበሮና ዘፈን ነው እንጂ ጥይት አያውቅም ብሎ ዘረዘረ። ምላሽ 15 ተቆጥቶ ተነሳ። እዚሁ ሄርማታ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹን እዚሁ የቀበረ ሰው ነው። መጤ መባሉ አንገበገበው፤ የመለሰውም በማይገባ ቃል ነው፣ አልደግመውም። ምላሽ 16 ላይ የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ የሁለቱንም ስድብ ሰረዘ። ጅማ ከድሮም የነጋዴ ከተማ ናት፣ የሄርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚገናኝበት ነበር፣ ማን መጣ ማን ቆየ የሚለውን እዚህ አናነሳም አለ። እኔም አስተባባሪውን እደግፋለሁ። ተባራሪ ጥይት የማንን ቤት እንደሚመታ አይጠይቅም። የተኮሰውንም ዘሩን ሳይሆን ድርጊቱን ነው የምንጠይቀው።

ምላሽ 17 ላይ የሕግ መምህሩ ተመለሰ። ሕግ የለም ብላችሁ አታስቡ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። ችግሩ ይህ አንቀጽ የሚነሳው ሰው ከወደቀ በኋላ መሆኑ ነው። የድሮዎቹ ሕጎች ብልሃት እዚህ ላይ ነው አለ። ቦስተንና ኒውዮርክ ሰው እስኪሞት አልጠበቁም፤ ተኩሱን ራሱን ቀጡት። ተኳሹ ማንንም ባይመታ እንኳ 40 ሺልንጉን ይከፍላል።

ምላሽ 18 ከሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ መጣ። ማስረጃ ጠፋ አትበሉ ይላል። ተኩሱ ይቀረጻል፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይለቀቃል፣ ተኳሹ ራሱ ያጋራዋል። የሚጠፋው የሚጠቁም ሰው ነው። ተኳሹ የሙሽራው አጎት ወይም የሥራ አለቃው ነው። ማን ዘመዱን በሠርጉ ቀን ለፖሊስ ይሰጣል? ካሜራ ሲያይ የሚተኩስ አለ ብሎም ነገረን፤ ከእንግዲህ ተኩስ ሲጀመር ካሜራዬን አጠፋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሎች ቀራጮችም እንደዚህ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

ምላሽ 19 እና 20 ስለ ርችትና ስለ ድምፅ ማጉያ ነበሩ። ርችቱም ይከልከል፣ ሌሊቱን የሚጮኸው ሙዚቃም ይቅር ተባለ። ምላሽ 21 ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል የቡና ዋጋ ጠየቀ፤ ሁለት ሰዎች መለሱለት።

ምላሽ 22 መፍትሔ ይዞ መጣ። የጻፈው የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነው። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ከዕድር ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዕድሩ ፖሊስ ጋ የሌለ ኃይል አለው። የእነሱ ዕድር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ጨምሯል። ዕቃ የሚወስድ አባል ድግሱ ላይ እንደማይተኮስ ፈርሞ ይወስዳል። ከተተኮሰ ተኳሹ እንግዳ ቢሆንም የሚቀጣው ደጋሹ ነው። ፊርማው ከተጀመረ ወዲህ ደጋሾች ራሳቸው በር ላይ ቆመው መሣሪያ የያዘ እንግዳን ቤት አስቀምጠህ ና ማለት ጀመሩ። የሚያሳፍር ነገር የነበረው አሁን ደንብ ሆኖ ቀለላቸው፤ እኔ ሳልሆን ዕድሩ ነው የከለከለው ይላሉ።

ምላሽ 23 ይህን ሐሳብ ወደደና ቀብሩንስ ብሎ ጠየቀ። አባቱ አርበኛ ነበሩ። ሲቀበሩ በክብር ተኩስ ነው የተሸኙት፤ እሱ ቢቀርባቸው ኖሮ ይከፋው እንደነበር ጻፈ። ይህን የጻፈው ያለ ቁጣ ነው። እኔም በቁም ነገር ነው የወሰድኩት። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ደንብ አንብቦ ዝም ማሰኘት አይቻልም።

መልሱን የሰጠችው ምላሽ 24 ላይ ነርሷ ናት። የቦስተኑን ሕግ መልሳችሁ አንብቡት አለች። የከለከለው እርሳስ የጎረሰውን ነው። ባሩድ ብቻ ጎርሶ ድምፅ የሚሰጠውን የክብር ተኩስ አልነካም። ዛሬም የክብር ዘብ የሚተኩሰው እርሳስ የሌለው ጥይት ነው። ሟች ክብሩን ያገኛል፣ ከአጥር ወዲያ ያለው ሕፃንም ይተርፋል። ይህም በሠለጠነ ዘብ፣ በተፈቀደለት አካል ይሁን እንጂ ዘመድ ሁሉ ከየኪሱ እያወጣ እንዳይተኩስ አሳሰበች። ምላሽ 23 በዚህ ተስማማ፤ ዝናርም ከረጅም ዝምታ በኋላ ለቀብር ከሆነ ልክ ናት ብሎ አንድ መስመር ጻፈ።

ምላሽ 25 የመንደራዋ እናት ናት። የዕድሩ ጸሐፊ ያን መስመር እንዲልክላት ጠየቀች፤ የሰፈሯ ዕድር ስብሰባ ስላለው ልታቀርበው ነው። እሱም ላከላት። ብዙ ሰው ስለጠየቀ ፍሬ ነገሩን እዚህ አስቀምጣለሁ። የዕድሩን ዕቃ የወሰደ አባል በድግሱም ሆነ በለቅሶው ቦታ እርሳስ ያለው ጥይት እንዳይተኮስ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ከተተኮሰ ዕቃው በዚያው ሰዓት ይነሳል፣ አባሉም ዕድሩ የወሰነውን ይከፍላል። ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ዕድሩ ለፖሊስ ያሳውቃል።

እኔ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ከለቅሶ ላይ ዕቃ ማንሳት ከባድ ነው፤ ሐዘንተኛን ሜዳ ላይ ማስቀረት ይሆናል። ለለቅሶ ቅጣቱ ገንዘብ ይሁን፣ ድንኳኑ ይቆይ። ለሠርግ ግን ድንኳኑ ይነሳ። የዕድር ዳኞች የሆናችሁ በዚህ ላይ የምትሉትን ከምላሽ 26 ጀምሮ ጻፉልን።